ስንት ወለድሽ? ስንት ቀበርሽ?

ደብረ ማርቆስ አዲስ ሐኪም በመጣ ቁጥር እታታ ሥራነሽ ሳትጠራ ሄዳ ታየው ነበር። ነጠላዋን አጣፍታ ጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ ትቀመጥና፣ ሐኪሙ ብቅ ሲል ከእግሩ እስከ ራሱ ትመለከተዋለች። ከዚያ ሰላምታም ሳታበዛ፣ «ልጄ፣ ሴት ታማ ስትመጣ መጀመሪያ ምኗን ታያለህ?» ትለዋለች። አብዛኞቹ ይስቁባታል። ከባሕር ማዶ ተምሮ የመጣ አንዱማ፣ «እማማ፣ የሚያምዎት ነገር ካለ ተራ ይያዙ» አላት። እሷም ተራ ይዛ ጠበቀችው። ተራዋ ሲደርስ ገብታ አንድ ሰዓት ሙሉ አስቀመጠችው። ከዚያ ቀን ወዲህ መንገድ ላይ ባገኛት ቁጥር ባርኔጣውን አንሥቶ ነው የሚያልፈው።

ስለ እሷ ስጽፍ አንቱ ማለት ይገባኝ ነበር። እሷ ግን አልወደደችውም፤ «አንቱ የምባለው ስሞት ነው፣ አሁን አታርቂኝ» ትለኝ ስለነበር፣ ከሞተችም በኋላ ምላሴ እምቢ ብሎኛል። እታታ ሥራነሽ የአባቴ የመጀመሪያ ሚስት ናት። እናቴ ሁለተኛዋ ናት። ይህን ከወዲሁ መናገሬ፣ ነገሩ ወደ ፊት እንዳያደናግር ነው።

የተወለደችው አማኑኤል አጠገብ ከገበሬ ቤት ነው። በአሥራ አምስት ዓመቷ ለደምለው ዳሯት። ደምለው አባቴ ስለሆነ ክፉውን ብናገር ማንም አይቆጣኝ። በቅሎና አህያ ጭኖ ከጎጃም ወለጋ የሚመላለስ ነጋዴ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ መልከ መልካም ሰው ነበር። በየማደሪያው የሚያውቃት ሴት አትጠፋም። በተጋቡ በዓመቱ ከመንገድ ሲመለስ ብልቱ ላይ አንዲት ቁስል ይዞ መጣ። «የጋለ ድንጋይ ላይ ሸንቼ ነው» አላት። አገሩ ሁሉ እንደዚያ ስለሚል አመነችው። ቁስሉ አላመመውም፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥም ራሱ ጠፋ። እሱም ረሳው፣ እሷም ረሳችው።

ከዚያ መውለድ ጀመረች። የመጀመሪያው ሞቶ ተወለደ። ሁለተኛዋ ሰባት ቀን ኖረች። ሦስተኛው እንደ ሽማግሌ የተጨማደደ ፊት ይዞ መጣና በማግስቱ ሄደ። አራተኛው ስም ሳይወጣለት ቀረ። ሁሉም ቀላል ነበሩ፤ ስትታቀፋቸው የታጠፈ ነጠላ የያዘች ይመስላት እንደነበር ነግራኛለች።

አገሩ ለዚህ ስም አለው፤ ሾተላይ ይሉታል። ሾተላይ ያለባት ሴት የወለደችው አይቆይላትም። ክፋቱ ግን በዚያ አያበቃም። እርጉዝ ካለችበት ቤት አትገባም፣ አራስ አትጠይቅም፣ የሰው ሕፃን አትታቀፍም፤ ለሌላዋ ታጋባለች ተብላ ትፈራለች። አማቷ ያለምወርቅ፣ ማለት አያቴ፣ ይለቃት እንደሆነ ብላ ወገቧን በጋለ ብረት አስተኮሰቻት። አልለቀቃትም። በ፲፱፻፳፭ ዓመተ ምሕረት ዕቃዋን አስይዘው ሸኟት። አባቴ በዚያ ቀን ምን እንዳለ ስጠይቃት፣ «በቅሎ ሲጭን ነበር» ብቻ አለችኝ። በዓመቱ እናቴን የኔዓለምን አገባ።

ሥራነሽ ደብረ ማርቆስ ገብታ ልብስ እያጠበች መኖር ጀመረች። ጣሊያን ሲመጣ አባቴ ጠመንጃውን ይዞ ዱር ገባ። ይህን ለእሱ ምስጋና ብዬ እጽፍለታለሁ፤ ሌላውን እንዳልኩት ሁሉ። ጣሊያኖቹ ከተማው ውስጥ አንድ ትልቅ ቤት ይዘው ሕክምና ቤት አደረጉትና የቁስል መጠቅለያ የሚያጥብ ሰው ፈለጉ። ሥራነሽ ገባች። ጎረቤት «የጣሊያን ጨርቅ አጣቢ» ሲል ስም አወጣላት። ከሾተላይ ይሻላል ብላ ተቀበለችው።

ከማጠቡ ሌላ አንድ ሥራ ራሷ ጨመረች። በሽተኛ ሐኪም ፊት ከመቅረቡ በፊት በር ላይ ቆማ ታስታጥበዋለች። ማንም አላዘዛትም። ሰው ሰው ቤት ሲገባ ይታጠባል፤ የታመመ ሰው ደግሞ ይበልጥ መከበር አለበት ብላ ነው። በማንቆርቆሪያ ውሃ ስታፈስ የሁሉም መዳፍ ከዓይኗ ሥር ያልፋል። በሁለት ዓመት ውስጥ የደብረ ማርቆስን መዳፍ በሙሉ ያየች ያህል ነበር።

በ፲፱፻፴፩ መስከረም ላይ ከጣሊያን አገር ሁለት ወጣት ሐኪሞች መጡ። የሚያሠለጥናቸው እኛ ካፒታኖ የምንለው ሽበታም ሐኪም ነው። ትምህርቱ የአባለዘር በሽታን ለይቶ ማወቅ ነበር፤ ቂጥኙን፣ ጨብጡን፣ ከርክሩን። ካፒታኖው ለእኛ ሴቶች አዝኖ አይምሰላችሁ። ወታደሮቹ ስለታመሙበት ነው። ጠላ የሚሸጡ ሴቶች ሁሉ በየሳምንቱ ቀርበው እንዲታዩ ታዘዘ፤ ታማለች የተባለችው ከሕክምና ቤቱ ጀርባ በእሾሃማ ሽቦ በታጠረ ግቢ ይዘጋባታል። የሚያመጧቸው ወታደሮች እንዲታዩ ግን ማንም አላዘዘም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር አሁንም ደሜ ይፈላል።

ወጣቶቹ በሽታውን የሚያውቁት ከመጽሐፍ ነው። መጽሐፉ ላይ የተሳለው ሰው ነጭ ነው። ስለዚህ ቀይ ሽፍታ ይፈልጋሉ፤ በእኛ ቆዳ ላይ ደግሞ ያ ቅላት አይታይም። የታመመችውን ጤነኛ ብለው ይሸኛሉ፤ ጤነኛዋን ያስራሉ። ሥራነሽ ጨርቋን እያሰጣች ይህን ታይ ነበር። አልተናገረችም፤ ማን ጠይቋት?

ጥቅምት ላይ አለሚቱን አመጧት። አለሚቱ ከገበያው ጀርባ ጠላ የምትሸጥ፣ የስድስት ወር ልጅ የምታጠባ ሴት ናት። አንደኛው ወጣት ሐኪም ጎኗ ላይ ክብ ክብ ጠባሳ ሲያገኝ ፊቱ በራ። ጓደኛውም አይቶ ተስማማ። ቂጥኝ ነው ብለው ጻፉ። ወደ ሽቦው ግቢ ትግባ፣ ሕፃኑም ለዘመድ ይሰጥ ተባለ። አለሚቱ ዘመድ የላትም። አላለቀሰችም፤ ልጁን ጡቷ ላይ አድርጋ ቆማ ቀረች።

ሥራነሽ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ ገባች። አስተርጓሚው ወልደ ሚካኤል የሚባል፣ ሚሲዮን ቤት ቋንቋ የተማረ፣ ልቡ መልካም ፈሪ ሰው ነበር።

«አያ ወልደ ሚካኤል» አለችው፣ «ይቺ ሴት አልታመመችም። ንገሩልኝ።»

«ሥራነሽ፣ ተይ ይቅርብሽ።»

«ንገሩልኝ እኮ ነው የምልዎ። ይሄ የተኩስ ጠባሳ ነው። ጣፊያዋን ታማ በጋለ ብረት የተኮሷት ነው። ሰው የተኮሰው በረድፍ ይቀመጣል፤ ይኸው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። በሽታው ረድፍ አያውቅም፣ ባገኘበት ነው የሚወጣ። ደግሞ መዳፏን አይተውታል? እኔ ዛሬ ጠዋት አስታጥቤያታለሁ፤ መዳፏ ንጹሕ ነው። ባለፈው ሳምንት ደኅና ናት ብለው የሰደዷት ያቺ ረጅሟ ሴት ግን መዳፏ ሙሉ ጠቃጠቆ ነበር።»

ወልደ ሚካኤል ላቡ እየወረደ ተረጎመ። ወጣቶቹ ሳቁ። ካፒታኖው አልሳቀም፤ አንድ ነገር ተናገረ።

«በምን ላምንሽ ይላል። ተኩስ ነው እያሉ የሚዋሹ ብዙ ናቸው፣ የተኩስ ጠባሳ ምን እንደሚመስል እንዴት ልወቅ ይላል።»

የሥራነሽን ገላ ከአባቴ በቀር ወንድ አይቶት አያውቅም። ይህን ስትነግረኝ ሰባ ዓመት አልፏት ነበር፤ ያኔም አቀርቅራ ነው የነገረችኝ። አራት ወንዶች፣ ሦስቱ ባዕድ፣ በጠራራ ቀን። አፈረች። ወጥታ ጨርቋን ማጠብ ትችል ነበር። የአለሚቱ ልጅ ጡቱን ትቶ ዘወር ብሎ አያት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ መቀነቷን ፈታች፣ ጎኗንና ወገቧን ገለጠች።

«ይሄ የጎኔ የጣፊያ ነው፤ ልጅ ሳለሁ እናቴ ናት ያስተኮሰችኝ። ይሄ የወገቤ ደግሞ የሾተላይ ነው።»

ካፒታኖው ቀረበ። የእሷን ጠባሳ አየ፣ የአለሚቱን አየ፣ ረድፉን በጣቱ ቆጠረ። የወጣቱን ወረቀት ተቀብሎ የተጻፈውን ሰረዘና አለሚቱ ትሂድ አለ። አለሚቱ ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል በረረች። ሥራነሽም መቀነቷን ልታስር ስትል ካፒታኖው አስቆማት።

«ሾተላይ ምንድን ነው ይላል።»

«እርስዎ ያውቁት የለ፤ ይንገሩት።»

ወልደ ሚካኤል ቃል ፈለገ፣ አጣ። በመጨረሻ ለካፒታኖው በአጭሩ ነገረው፤ ልጆቿ የማይቆዩላት ሴት ናት አለው። ካፒታኖው ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ስንት ወለድሽ፣ ስንት ቀበርሽ ይላል።»

«አራት ወለድኩ፤ አራት ቀበርኩ።»

ካፒታኖው ወደ ወጣቶቹ ዞሮ ብዙ ተናገረ። አልጮኸም፤ እነሱ ግን መሳቃቸውን ተዉ። ወልደ ሚካኤል በሹክሹክታ ይነግራት ነበር፦ «እዚህ ከመጣችሁ ጀምሮ አንዷንም ሴት ይህን ጠይቃችኋታል ወይ ይላቸዋል። ያልታመመችውን ለማሰር ስትቸኩሉ፣ የታመመችውን በር ላይ ውሃ እያፈሰሰች አልፋችኋት ነበር ይላቸዋል።»

ያን ጊዜ ነው እየተወራ ያለው ስለ እሷ መሆኑ የገባት።

ደሟን ቀድቶ አዲስ አበባ ላከው። በሦስተኛው ሳምንት መልሱ መጣ። ቂጥኝ ነበረባት፤ ልጆቿን የገደለውም እሱ ነበር። እዚህ ላይ የምጨምረው አለ፤ ሾተላይ የሚባለው ሁሉ ቂጥኝ አይደለም። የእናትና የልጅ ደም አለመስማማትም እንዲሁ ያደርጋል፤ ይህን ያስተማረኝ ያ ባርኔጣውን የሚያነሣው ሐኪም ነው። የእሷ ግን ቂጥኙ ነበር።

መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነው። ሾተላይ አልነበረባትም፤ ማንንም አላጋባችም። ቀጥሎ ያቺ ቁስል፣ ያ የጋለ ድንጋይ ትዝ አሏት። ንዴቱ የመጣው ከዚያ ነው። ከንዴቱ በኋላ ደግሞ የኔዓለምን አሰበች። በተካቻት ሴት ላይ የሆነውን ከአማኑኤል የሚመጡ ገበያተኞች ነግረዋታል፤ ሁለት ወልዳ ሁለት ቀብራለች። አሁንም አባቴ ከዱር በድብቅ ብቅ ብሎ በሄደበት ጊዜ ፀንሳ አምስት ወሯ ነው።

ሥራነሽ ሦስት ቀን ዝም አለች። ይህንንም አልደበቀችኝም። «ቤቴን የወሰደችብኝ ናት፤ ትቅመሰው፣ እኔ አራቱን ስቀምስ ማን ደረሰልኝ ብዬ ነበር» አለችኝ። እኔ ያን ጊዜ በእናቴ ሆድ ውስጥ ነበርኩ። ስለ እነዚያ ሦስት ቀናት አልፈርድባትም፤ እኔ ብሆን ሦስት ዓመት ዝም እል ይሆናል።

በአራተኛው ቀን ከካፒታኖው ዘንድ ገባች። «ተማሪዎችህን አስተምሬልሃለሁ» አለችው በወልደ ሚካኤል አፍ። «እርጉዝ እህት አለችኝ፤ እሷም ታማለች። አመጣታለሁ፤ እኔን የምትወጋኝን መርፌ እሷም ትወጋለች፤ ሽቦው ውስጥ ግን አትገባም፣ እኔ ጋ ነው የምታድር።» ወልደ ሚካኤል እህት እንደሌላት ያውቃል። የሴትየዋ ባል ዱር የገባ መሆኑንም ያውቃል፤ ቢታወቅ ሁለቱም የሚደርስባቸውን ያውቃል። ለአፍታ አያትና «እህቷ» ብሎ ተረጎመ። በዕድሜው ከሠራው ሁሉ ትልቁ ድፍረት ይመስለኛል። ካፒታኖው እሺ አለ፤ እሱም በፈንታው ወጣቶቹ ሴቶችን ሲመረምሩ አብራ እንድትቆም ጠየቃት።

አማኑኤል ግማሽ ቀን ያስኬዳል። ደርሳ ከድሮ ቤቷ አጥር ውጪ ቆመች። እናቴ ግቢው ውስጥ እንዝርት እያሾረች ነበር። ዓይን ለዓይን ተያዩ፤ እናቴ ማን እንደሆነች አውቃ ሆዷን በሁለት እጇ ሸፈነች። አያቴ ያለምወርቅ በትር ይዛ ወጣች።

«እርጉዝ አለች! እያወቅሽ ነው? ምን ልታደርጊያት መጣሽ?»

«አልገባም እመይቴ፤ ከዚሁ ሆኜ ነው የምናገር።»

«ምንም አትናገሪ። ሂጅልኝ።»

ሥራነሽ ከቆመችበት ሳትነቃነቅ እናቴን ጠራቻት። «የኔዓለም፣ ሾተላይ በሴቲቱ ላይ ነው የሚያድር ብለው ነው እኔን ያስወጡኝ። እኔ ከዚህ ቤት ከወጣሁ ስድስት ዓመቴ። አንቺ ደኅና ሆነሽ መጣሽ፤ አንቺም ሁለት ቀበርሽ። እኔ ከሄድኩ እዚህ ቤት የቀረው ማን ነው?»

እናቴ እጇን ከሆዷ ላይ አወረደች። አያቴም በትሯን ዝቅ አደረገች፤ የቀረው ልጇ ነበርና።

ከዚያ ስለ ቁስሉ ጠየቀቻት። እናቴ ለማንም ያልተናገረችው ነገር ነበር፤ አባቴ ካገባት በኋላ እሷም በሰውነቷ ላይ ቁስል ወጥቶ ራሱ ጠፍቶላት ነበር። ከአጥሩ ወዲህና ወዲያ ሆነው እስኪመሽ ተነጋገሩ። እናቴ በማግስቱ ጠዋት ለአማቷ «የቀበርኳቸው ይበቁኛል» ብላ ነጠላዋን አንሥታ ተከተለቻት። አያቴ ከኋላ ረገመቻቸው። ስንቅ ግን አስቋጠረቻቸው፤ አያቴ እንደዚህ ነበረች።

እነሆ ሁለት ጣውንት በአንዲት ጎጆ ኖሩ። መርፌው በየሳምንቱ ነው፤ ያማል፣ ያንቀጠቅጣል፣ አፍ ያኮመጥጣል። በአንድ ቀን አብረው ይወጋሉ፣ አብረው ይተኛሉ፣ ማን ተነሥታ ውሃ ታምጣ በሚለው ይጣላሉ። ስለ አባቴ ሲያወሩ ደግሞ ይስቃሉ። ያኔ የተማማሉት አንድ ነገር አለ፤ ነጻነት ሲመጣ ፈጽመውታል። አባቴ ጎፈሬውን አጎፍሮ፣ ጠመንጃውን ይዞ፣ ሰው በእልልታ ሸኝቶት ቤቱ ሲደርስ፣ ወደ አማኑኤል የተመለሰችው እናቴ በሩን አልከፈተችለትም። «መርፌህን ተወግተህ ና» አለችው። ጀግናው ሰው ጣሊያን ያላስለቀቀውን ቤቱን ለቅቆ ለወራት አጎቱ ዘንድ አደረ።

ሥራነሽ በእነዚያ ወራት ሐኪሞቹን አስተማረች። ወንበር አልሰጧትም፤ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ትቆማለች። ሴት ስትገባ ታስታጥባታለች፣ መዳፏን ወደ ብርሃን ታዞርላቸዋለች፣ ከዚያ ዝቅ ብላ በገዛ አፏ ትጠይቃታለች፦ ስንት ወለድሽ? ስንት ቀበርሽ? ለእሷ ይናገራሉ፤ ከአስተርጓሚ ይልቅ ለእሷ። ወጣቶቹ ጥያቄውን በአማርኛ አጠኑት። ሌላ አማርኛ አያውቁም ነበር።

እናቴን ምጥ ሲጀምራት ሥራነሽ አለሚቱን ጠርታ እሷ ከቤቷ ወጣች። እናቴ ተቆጣች፣ «የት ትሄጂያለሽ? ሐኪሙ ሾተላይ የለብሽም አላለሽም ወይ?» አለቻት። ብሏት ነበር። እሷም አምናዋለች፤ ለሌሎች ሴቶች ታስተምረው የለ? ግን አራት ቀብራ፣ ስድስት ዓመት ከሰው ሕፃን ፊቷን አዙራ ኖራ፣ እግሯ እምቢ አላት። አለሚቱ ቤት ሄዳ ተቀመጠች። እኔ ሚያዝያ ላይ ተወለድኩ፤ ወለላ ተባልኩ፤ ሰባተኛው ቀን አለፈ። ሰማንያውን ቀን ሙሉ ሥራነሽ ገንፎ አገንፍታ በበር በኩል ታቀብላለች። አንድም ቀን ወደ እኔ አላየችም። እናቴ ልታሳያት ስትል፣ «ትቆይ፣ ትጠንክር» ትላለች።

ክርስትና የተነሣሁት ደብረ ማርቆስ ነው። አያቴ ከአማኑኤል ድረስ መጣች፤ ክርስትና እናትም መርጣ ይዛ መጣች፣ አሥር ልጅ የወለደች፣ አንድ ያልሞተባት የቄስ ሚስት። ሥራነሽ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውጪ፣ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ነበር። ያን ቀን የሚጠመቁ ሌሎች ሕፃናትም ነበሩ፤ እናቶቻቸው እንዳይፈሩ ብላ ነው። ቄሱ አጥምቀውኝ ወለተ ሐዋርያት ብለው ስም ካወጡልኝ በኋላ፣ «ክርስትና እናቷ ማን ናት? ትቀበል» አሉ። የቄሱ ሚስት እጇን ዘረጋች። እናቴ እኔን ከቄሱ እጅ ወስዳ በሴትየዋ አጠገብ አለፈች።

በቅጽሩ በር ወጣች። ሰው ሁሉ ዞሮ አየ። አያቴ «የኔዓለም» አለች። ሥራነሽ ስትመጣባት አይታ ከድንጋዩ ተነሣች፤ ወደ ኋላዋ አፈገፈገች፣ ግንቡ ያዛት። እናቴ እርጥብ እንደሆንኩ ክንዷ ላይ አስቀመጠችኝና እጇን ለቀቀች።

ሥራነሽ አያያዙ ጠፋት። እዚያው ድንጋዩ ላይ ተመልሳ ተቀመጠችና ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ቀና ብላ እናቴን እንደ መደንገጥ ብላ አየቻት።

«ትከብዳለች» አለች።